ማንበብ የተቸገረ ልጅን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ለይቶ ለመርዳት፦ ደረጃ በደረጃ ለመምህራንና ለወላጆች

ሰላም ለሁላችሁም፣ በተለይ ጎጃም ውስጥ 1ኛና 2ኛ ክፍል ይዛችሁ ለምታስተምሩ። ይሄን የምፅፈው 4ኛና 5ኛ ክፍል ደርሰው ከስማቸው ውጪ ማንበብ የማይችሉ ልጆች በየዓመቱ ስለሚገጥሙኝ ነው። ሰነፍ ልጆች አይደሉም። ማታ ከብቱን ቆጥረው ያስገባሉ፣ ሱቅ ተልከው መልሱን ሳያጎድሉ ይዘው ይመጣሉ፣ ንባብ ላይ ግን አንድ ሰው አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ለብቻቸው ሰምቷቸው ስለማያውቅ ችግሩ ሳይታይ በነፃ ዝውውር እያለፉ እዚህ ደረሱ። በዛ ላይ በኮሮና የባከነው ጊዜ አለ፣ ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በግጭቱ ምክንያት ጎጃም ውስጥ ስንት ት/ቤት ተዘግቶ እንደከረመ ታውቃላችሁ፣ ስለዚህ አሁን አንድ ክፍል ውስጥ የ7 ዓመትና የ11 ዓመት ልጅ እኩል ፊደል ላይ ቢገኙ አይግረማችሁ።

"ቆይ ሲያድግ ያነባል" የሚባለው ነገር ነው ብዙ ልጅ ያስቀረው። በ2002 ዓ.ም በተለያዩ ክልሎች የንባብ ምዘና (ኢግራ የሚባለው) ሲደረግ ከ2ኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ኮኒ ጁል የምትባል ተመራማሪ ደግሞ አሜሪካ ቴክሳስ ውስጥ 54 ልጆችን ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ተከታትላ በ1988 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ጥናት አለ፣ 1ኛ ክፍልን ደካማ አንባቢ ሆኖ የጨረሰ ልጅ 4ኛ ክፍል መጨረሻም ደካማ ሆኖ የመገኘት እድሉ 88 በመቶ ነው ይላል። ኪት ስታኖቪች የሚባል ሌላ ተመራማሪ ይሄንን ነገር በማቴዎስ ወንጌል ስም የሰየመው ያለምክንያት አይደለም፣ ላለው ይጨመርለታል ከሌለው ያለውም ይወሰድበታል የሚለውን ይዞ ነው፣ ማንበብ የቻለ ልጅ በማንበብ ቃል ይጨምራል፣ ያልቻለው ደብተሩን እየሸሸ ያችኑ የያዛትን ይረሳል። ስለዚህ ስራው 1ኛ ክፍል መስከረም ላይ ነው የሚጀመረው፣ 4ኛ ክፍል ላይ አይደለም።

ደረጃ 1፦ እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው ስሙት

ትምህርት በደንብ የሚያዘው ከመስቀል በኋላ ስለሆነ ከመስቀል ማግስት ጀምሩ። "60 ተማሪ ይዤ እንዴት?" ትላላችሁ፣ ልክ ናችሁ፣ ግን ለአንድ ልጅ የሚበቃው ጥቂት ደቂቃ ነው፣ በቀን 6 ልጅ ብትሰሙ በ2 ሳምንት 60 ልጅ ያልቃል። ሌሎቹ ሰሌዳ ላይ ያለውን ሲገለብጡ አንዱን ወደ በሩ አካባቢ ጠርታችሁ ትሰማላችሁ። ይሄ ለእኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም፣ እነ ዋሸራ እነ ዲማ የሚባሉት የቤተ ክርስቲያን ት/ቤቶች ያሉበት አገር ላይ ነን፣ የኔታ ቤት ልጅ የሚቆጥረው ለየብቻው ነው፣ ከፍ ያለውም ዝቅ ያለውን ያስቆጥራል። ዘመናዊው ክፍል ውስጥ ነው ሁሉም ባንድ ላይ ጮሆ ማንም ሳይሰማ የሚቀረው።

ባንድ ላይ ማስጮህ ለምን እንደማይበቃ ላሳያችሁ። አንድ የ2ኛ ክፍል ልጅ መፅሐፉን ይዞ መጣ፣ ጣቱን ቃሉ ስር እያስኬደ ገፁን ጥርት አድርጎ "አነበበው"። እኔ መዳፌን ገፁ ላይ አሳረፍኩበት፣ ልጁ ሳያቋርጥ ቀጠለ፣ እስከ ታች። ሁሉንም በቃሉ ነው የያዘው። ከገፁ መሀል አንዷን ቃል ለይቼ "ይቺ ምን ትላለች?" ስለው ዝም አለ፣ ከዛ ከላይ ከመጀመሪያው ጀምሮ እየወረደ ሊደርስባት ሞከረ። ይሄ ልጅ የማስታወስ ችሎታው ድንቅ ነው፣ ማንበብ ግን ገና አልጀመረም፣ በክፍል ጩኸት ውስጥ ቢሆን ግን ጎበዝ ነው የሚባለው።

ስለዚህ ለመለኪያ የምታዘጋጁት ወረቀት እነዚህን ይያዝ፦

የመጀመሪያው በጆሮ ብቻ ነው፣ ወረቀት የለውም። "ሰማይ ከሚለው ላይ ሰን ብናወጣው ምን ይቀራል?" "ላም እና ላባ በምን ይጀምራሉ?" እንዲህ ያሉ 5 ጥያቄዎች። መስከረም ላይ ገና ፊደል ላልጀመረ የ1ኛ ክፍል ልጅ ይሄና ጥቂት ፊደል ማሳየት ይበቃል፣ ታሪክ አንብብ ብላችሁ አታስጨንቁት።

ሁለተኛው የፊደል ገፅ ነው፣ 100 ፊደል፣ በአንድ መስመር 10፣ ሁሉም የተዘበራረቀ። ይሄን በደንብ ያዙልኝ፣ በሀ ሁ ሂ ተራ ከፃፋችሁት የምትለኩት ዜማውን ነው። ራብዑንም ሳድሱንም ደባልቁት።

ሶስተኛው ሁለትና ሶስት ፊደል ያላቸው ቃላት፣ አራተኛው 50 ቃል አካባቢ ያለው ልጁ አይቶት የማያውቅ አጭር ታሪክና 5 ጥያቄ ነው። ታሪኩን እራሳችሁ ፃፉት፣ ስለ ጥጃ፣ ስለ ገበያ፣ ስለ ወንዝ፣ ልጁ ስለሚያውቀው ነገር።

አሰራሩ፦ ሞባይላችሁ ላይ ሰዓቱን 1 ደቂቃ ሙሉት። ልጁ ያነባል፣ እናንተ የእናንተ ኮፒ ላይ የተሳሳተውን በጭረት ትሰርዛላችሁ። አንዱ ላይ 3 ሰከንድ ከቆመ ንገሩትና እንደ ስህተት ያዙት፣ ወዲያው እራሱ ካስተካከለ ግን ትክክል ነው። የመጀመሪያዎቹን 10 ፊደሎች አንዱንም ካላገኘ "ጎበዝ፣ በቃ" ብላችሁ አቁሙ፣ ልጅ ፊታችሁ ላይ እያፈረ መቀጠል የለበትም። ደቂቃው ሲያልቅ በትክክል ያነበበውን ቆጥራችሁ ከስሙ አጠገብ ትፅፋላችሁ። ይሄው ነው፣ ማርክ አይደለም፣ ለልጁም ለክፍሉም አይነገርም። ይሄን ልኬት ለሁሉም ልጅ በዓመት 3 ጊዜ አድርጉት፣ ከመስቀል በኋላ፣ ጥር ላይ እና ግንቦት ላይ።

ደረጃ 2፦ መጀመሪያ ዓይንና ጆሮውን እዩ

ይሄ አጭር ነው ግን እንዳታልፉት። በእኛ አካባቢ የዓይን ማዝ (ትራኮማ) ብዙ ነው፣ ዓይኑን እያሻሸ፣ እያጠበበ ሰሌዳ የሚያይ ልጅ ካለ ፊት ወንበር ላይ አስቀምጡትና ለወላጁ ነግራችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ላኩት። ጆሮው የሚመግል ልጅ ድምፅ መለየት ይቸገራል። ቁርስ ሳይበላ ሁለት ሰዓት ተጉዞ የሚመጣም አለ። አዊ ላይ ያላችሁ ደግሞ፣ ቤቱ አውንግኛ የሚናገር ልጅ አማርኛ ሲያነብ ቢዘገይ ፊደሉን በአውንግኛ አስነብቡት፣ እዛ ላይ ከሄደለት ማንበብ አልቸገረውም፣ የጎደለው የአማርኛ ቃል ነው፣ የሚያስፈልገውም ወሬና ተረት ነው።

ደረጃ 3፦ በጎደለው ነገር አቧድኑ

ሁሉንም ደካማ ልጆች ባንድ ሰብስቦ ማጠናከሪያ መስጠት ልጆቹን ከማድከም ሌላ የሚያመጣው ነገር ብዙም የለም፣ ምክንያቱም ችግራቸው አንድ አይደለም። ውጤቱን ስታዩት አብዛኛውን ጊዜ አራት ዓይነት ልጅ ነው የምታገኙት። ድምፅ የማይለይና ፊደልም የሌለው፣ ፊደል እያወቀ ቃል መግጠም ያቃተው፣ ቃል እያነበበ ቀስ የሚል፣ አቀላጥፎ እያነበበ ምን እንዳነበበ የማይገባው። ህንድ ውስጥ ፕራታም የሚባለው ድርጅት ልጆችን በክፍል ሳይሆን በችሎታ እያቧደነ ነው የሚሰራው፣ የ3ኛ ክፍል ልጅ ፊደል ላይ ካለ ከፊደል ይጀምራል፣ እኛም እንደዛ ብናደርግ ነው የሚሻለው።

አንድ ቡድን ከ3 እስከ 5 ልጅ፣ በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን፣ ቢቻል 5፣ በቀን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ። ትልቁን ቡድን ሳይሆን በጣም የባሰባቸውን ትንንሽ ቡድኖች እናንተ ያዙ፣ ሻል ያሉትን ጎበዝ ተማሪ ወይም የ6ኛ ክፍል ልጅ ሊያስነብብ ይችላል። የቄስ ትምህርት ቤት ያለፉ፣ ዳዊት የደገሙ ልጆች ካሏችሁ በጣም ጥሩ አጋዥ ናቸው፣ ማስቆጠር ያውቁበታል። ፈረቃ ካለ ፈረቃው ከመግባቱ በፊት ያለችውን ግማሽ ሰዓት ተጠቀሙ። ቡድኑን "የደካሞች" ብሎ መጥራት ግን አይሆንም፣ በወንዝ ስም ጥሯቸው፣ ዓባይ፣ ጨሞጋ፣ ብር።

ደረጃ 4፦ የ25 ደቂቃዋን ትምህርት በልክ ስሩ

ድምፅና ፊደል ለጎደለው ቡድን ሰዓቱን እንዲህ ከፍሉት፣ 3 ደቂቃ የድምፅ ጨዋታ፣ 5 ደቂቃ የቆዩትን ፊደሎች መከለስና ሁለት አዲስ መጨመር፣ 8 ደቂቃ መግጠም፣ 6 ደቂቃ ማንበብ፣ የመጨረሻዋ 3 ደቂቃ እናንተ እየተናገራችሁ እነሱ የሚፅፉበት። የመጨረሻዋን አትዝለሏት፣ የሰማውን የፃፈ ልጅ ያዘው ማለት ነው።

ፊደሉን በቤተሰብ ሰባቱን ባንድ ቀን አታሸክሟቸው። 33ቱን በ7 ስታበዙት 231 ነው፣ ዲቃላዎቹ ሳይቆጠሩ፣ ለተቸገረ ልጅ ተራራ ነው። ቶሎ ቃል የሚሆኑትን መርጣችሁ ጀምሩ። ለምሳሌ ላ፣ ም፣ ል፣ ማ፣ ን፣ ብ፣ ት፣ ባ ብቻ ይዞ ልጁ ላም፣ ላብ፣ ልብ፣ ባል፣ ባት፣ ማን፣ ብላ፣ ባላ፣ ማማ ማንበብ ይችላል። በ8 ፊደል 9 ቃል! ልጁ "አነበብኩ" የሚለው ያኔ ነው፣ ፊቱ ላይ ታዩታላችሁ። ግን ላ እና ባን ባንድ ቀን አታስገቡ፣ ይምታቱበታል። ሰ እና ሸ፣ ነ እና ኘ፣ ደ እና ጀ፣ ጠ እና ጨ፣ ተ እና ቸም እንደዛው፣ አንዱ ሳይረጋ ሌላውን አታምጡ። ሀ ሐ ኀ፣ ሰ ሠ፣ አ ዐ፣ ጸ ፀ ላይ ደግሞ አንዱን አስይዙ፣ ሌላው ይደርሳል።

ካርድ ለመስራት ገንዘብ አያስፈልግም፣ የሳሙና ካርቶን ቆርጦ በማርከር መፃፍ ነው፣ ወይም የለስላሳ ቆርኪ ውስጥ ወረቀት ለጥፎ ፊደል መፃፍ፣ ልጆች ቆርኪውን እየደረደሩ ቃል ሲሰሩ ጨዋታ ነው የሚመስላቸው።

አሁን ዋናው ቦታ ላይ ደረስን፣ መግጠም። በእኛ ቋንቋ ብዙ ልጅ የሚወድቅባት ሳድስ ናት። ቅርጿ በየፊደሉ ይለያያል፣ ድምፅዋም አንዳንዴ አናባቢ አላት አንዳንዴ የላትም። ልጁ ቤ ያውቃል፣ ት ያውቃል፣ ሲያነበው ግን "ቤ... ትእ" ይላል፣ "ምንድነው?" ስትሉት አያውቀውም፣ ምክንያቱም "ቤትእ" የሚባል ነገር ቤቱ የለም። መፍትሄው እንዲህ ነው፦ ቤን ሳታቋርጡ ሳቡት፣ "ቤቤቤ" ሳይሆን "ቤኤኤኤ" እያላችሁ ጣታችሁን ከቤ ወደ ት አንሸራቱ፣ ት ላይ ስትደርሱ ምላስን አስነክቶ ዝም፣ "ቤኤኤት"። መጀመሪያ እናንተ፣ ቀጥሎ አብራችሁ፣ ከዛ ልጁ ብቻውን። ከም፣ ስ፣ ል፣ ን፣ ር ጀምሩ፣ እነዚህ ድምፃቸው ስለሚሳብ ለመግጠም ይቀላሉ (ላምምም፣ ሰውን ያስቃል ግን ይሰራል)፣ እነ ት፣ ክ፣ ብ፣ ግ ቀጥለው ይምጡ። ሁለት ፊደል (በሬ) ሲረጋ ሶስት (በቆሎ)። ይሄን በ3 ሳምንት ውስጥ የያዘ ልጅ ከዛ በኋላ በራሱ ሲሮጥ አያለሁ፣ ስለዚህ ሌላ ጊዜ ከየትም ቀንሳችሁ እዚህ ላይ ጨምሩ።

ቀስ ለሚለው ቡድን መድሀኒቱ ያንኑ አጭር ታሪክ ደጋግሞ ማንበብ ነው፣ እናንተ አንብቡለት፣ አብራችሁ አንብቡ፣ ብቻውን 3 ጊዜ ያንብብ። ማጥበቅና ማላላት ላይ እርዱት፣ ገና እና ዋና የመሳሰሉ ቃላት ሲጠብቁና ሲላሉ ትርጉማቸው ይለያያል፣ ፅሁፉ ላይ ግን ምልክት የላቸውም፣ ልጁ አረፍተ ነገሩን ጨርሶ ተመልሶ ማስተካከል መልመድ አለበት። የማይገባው ቡድን ጋር ደግሞ በየሁለት አረፍተ ነገሩ አቁሙና "ምን ሆነ? ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስልሃል?" በሉት፣ የማያውቀውን ቃል በምሳሌ ንገሩት።

ደረጃ 5፦ በየሳምንቱ ለኩ፣ በካሬ ወረቀት ላይ አስቀምጡ

ብዙ ት/ቤት ማጠናከሪያ ይሰጣል፣ መስራቱን ግን አይለካም፣ ሰኔ ላይ ነው ሁሉም የሚያውቀው። በየሳምንቱ 1 ደቂቃ መለካት ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ እነ ስታንሊ ዴኖ ያዳበሩት ነገር ነው፣ ጥቅሙም መምህሩ ዓመቱ ሳያልቅ ማስተማሪያውን መቀየር መቻሉ ነው።

ቡድን ውስጥ ያለን ልጅ ብቻ ነው በየሳምንቱ የምትለኩት። ቀኑን አንድ አድርጉት፣ የገበያ ቀን ግን አይሁን፣ ግማሹ አይመጣም። በየሳምንቱ ያንኑ ወረቀት ከሰጣችሁት ይሸመድደዋል፣ ስለዚህ ክብደታቸው እኩል የሆነ የተለያየ ወረቀት ያስፈልጋል፣ ፊደል ከሆነ ካርዱን በውዝ ማድረግ ብቻ ነው።

በምሳሌ እንየው። አንድ ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት በሶስት የተለያየ ወረቀት በደቂቃ 4፣ 7 እና 6 ቃል አነበበ። መሀለኛዋን ያዙ፣ መነሻው 6 ነው። በሳምንት 2 ቃል እንዲጨምር ብትፈልጉ ከ10 ሳምንት በኋላ 26 መድረስ አለበት። ከሂሳብ ደብተር ላይ ባለ ካሬ ወረቀት ቅደዱ፣ ወደ ጎን ሳምንት፣ ወደ ላይ የቃል ብዛት፣ ከ6 እስከ 26 በማስመሪያ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። በየሳምንቱ ያገኘውን ነጥብ አድርጉ። ልጁ 7፣ 9፣ 8፣ 9 አመጣ እንበል፣ መስመሩ ግን 8፣ 10፣ 12፣ 14 ነበር የሚለው። ተከታታይ 4 ነጥብ ከመስመሩ በታች ከሆነ አሰራሩን ቀይሩ፣ 4ቱም ከላይ ከሆኑ ግቡን ከፍ አድርጉ፣ ከላይም ከታችም ከተደበላለቀ ባላችሁበት ቀጥሉ። አንዲት መጥፎ ሳምንት አይታችሁ አትደንግጡ፣ ልጅ ነው፣ ታሞ ይሆናል፣ እንቅልፍ አጥቶ ይሆናል።

ደረጃ 6፦ መስመሩ ካልወጣ ምን ይቀየር?

በዚህ ቅደም ተከተል እዩት። አንደኛ ልጁ መጥቷል ወይ? ህዳርና ታህሳስ አጨዳና ውቂያ ነው፣ ቀሪ የበዛበትን ልጅ "አልገባውም" ማለት አይቻልም፣ ወላጁን አነጋግራችሁ ቢያንስ የቡድኑ ቀን እንዲመጣ ተስማሙ። ሁለተኛ እውነት ትምህርቱ ተሰጥቷል ወይ? ስብሰባ፣ በዓል፣ ምናምን እያለ የተዘለለውን ቁጠሩ። ሁለቱም ደህና ከሆነ ወደ ኋላ ተመለሱ፣ ቃል ላይ ያለ ልጅ ምናልባት 10 ፊደል ጎድሎበት ይሆናል። ከዛ ቡድኑን ከ5 ወደ 2 አሳንሱ፣ ወይም 3 ቀኑን 5 አድርጉ። ባንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ አለዚያ የቱ እንደሰራ አታውቁም።

ሁለቴ ቀይራችሁ፣ ልጁም እየመጣ፣ አሁንም መስመሩ ከተኛ ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ ልዩ ፍላጎት ባለሙያ ሂዱ፣ በት/ቤታችሁ ከሌለ በክላስተሩ ወይም በወረዳው ጠይቁ። ንግግሩ የሰላ፣ ሂሳቡ ደህና፣ ፊደል ላይ ግን ዛሬ የያዘውን ነገ የሚያጣ ልጅ ዲስሌክሲያ የሚባለው የንባብ ችግር ሊኖርበት ይችላል፣ ይሄ የአእምሮ ድክመት አይደለም፣ ይበልጥ የተደጋገመና የተብራራ ትምህርት የሚፈልግ ነው። "ደደብ" የምትል ቃል ከክፍላችሁ ትውጣ፣ ከመምህርም ከተማሪም አፍ።

ለወላጆች

ማንበብ ባትችሉም ልጃችሁን መርዳት ትችላላችሁ። ማታ ከራት በኋላ ሶላሩ ሲበራ 10 ደቂቃ "ና እስቲ አንብብልኝ" ብላችሁ ስሙት፣ ልክ ይሁን አይሁን ባታውቁም ሰሚ ማግኘቱ በራሱ ያስነብበዋል። የሳሙናው መጠቅለያ፣ የማዳበሪያው ከረጢት፣ የሱቁ ታፔላ ላይ ያለውን "ምን ይላል?" በሉት። ተረት ንገሩት፣ "እንቆቅልሽ፣ ምን አውቅልህ" ተጫወቱ፣ ቃልና ድምፅ የሚበረክተው በዛ ነው። ስለ ንባብ አትምቱት። ት/ቤት ስትጠሩም ኑ፣ መምህራንም ለወላጅ ማርክ ከምትነግሩ ያቺን ባለ ነጥብ ወረቀት አሳዩ፣ ፊደል ያልቆጠረ አባትም የምትወጣ መስመር አይቶ ይገባዋል፣ ታህሳስ ላይ ለምን እንደወረደችም እራሱ ይነግራችኋል።

ሰኔ ላይ የሚሰራ ስራ

ልጁ ወደሚቀጥለው ክፍል ሲሄድ ወረቀቱ አብሮት ይሂድ። ለሚረከበው መምህር በአንድ ገፅ ይሄን ፃፉለት፦ የመጨረሻው ልኬት፣ የያዛቸውና የሚምታቱበት ፊደሎች፣ የሰራለት መንገድ፣ ከትምህርት የሚቀርባቸው ወራት። ክረምቱ ረጅም ስለሆነ ልጁ የያዘውን ይረሳል፣ ስለዚህ ካርዶቹንና አንድ ሁለት አጫጭር ታሪክ ገልብጣችሁ ቤቱ ስጡት፣ መስከረም ላይም አዲሱ መምህር ከማንም በፊት መስማት ያለበት እነዚህን ልጆች ስለሆነ ስማቸው ከገፁ አናት ላይ ይፃፍ።